መቅጃው ሳይከፈት የተቀዳው ዜማ

ኪቦርድ ፊት ተቀምጦ ጣቱን የሚያፍታታ ሰው ምርጡን ሐረግ የሚያገኘው ብዙ ጊዜ መቅጃው ባልተከፈተበት ሰዓት ነው። ቀዩ ምልክት ሲበራ ጣት ይጠነቀቃል፣ ስህተት ይፈራል። ሲጠፋ ይፈታል፤ ወዲያ ወዲህ ሲል ድንገት አንድ ያልታሰበ የትዝታ መዞሪያ ላይ ይወድቃል። «ቆይ፣ ምን ነበር የተጫወትኩት?» ብሎ መልሶ ሲሞክረው የለም። ይህ ያልደረሰበት ተጫዋች ያለ አይመስለኝም። የሙዚቃ ማቀናበሪያ ሶፍትዌር የሚሠሩ ሰዎችም ችግሩን ያውቁታልና መላ አበጅተውለታል። ኤፍ ኤል ስቱዲዮ ውስጥ ባለፉት ደቂቃዎች በሚዲ ኪቦርድ የተነካውን ሁሉ ፒያኖ ሮል በተባለው የኖታ መጻፊያ ሠሌዳ ላይ የሚያወርድ ትእዛዝ አለ። ሎጂክም ኪዩቤዝም የየራሳቸው አላቸው። ኤብልተን ላይቭ እ.ኤ.አ. በ2018 በወጣው 10ኛ እትሙ ይህንኑ ሥራ ለአንዲት ትንሽ አዝራር ሰጣት። ያውም ፕሮጀክቱ ገና ባዶ ከሆነ የተጫዋቹን ፍጥነት ራሱ ያሰላል፤ ሐረጉ ከየት ተነሥቶ የት እንደሚያበቃም ለይቶ ያስቀምጣል።

በዚህች አዝራር ሁሌም እደነቃለሁ። ድምፅ የላትም፤ ማስታወቂያ ላይም ብትወጣ ዓይን አትስብም። የተፈጠረችው አንድ ሰው ሙዚቀኛ ሲሠራ አጠገቡ ሆኖ ስላየ፣ ምን ላይ እንደሚከስርም ስለገባው ነው። የአንድን ሶፍትዌር የእጅ ሥራ ጥራት የምመዝነው እንዲህ ባሉ ቦታዎች ነው።

«የቱ ይሻላል?» የሚለው ጥያቄ በየስቱዲዮው ይነሣል፤ ክርክሩም አብዛኛውን ጊዜ ወደ ድምፅ ጥራት ያዘነብላል። «ይኼኛው ድምፁ ወፍራም ነው፣ ያኛው ቀጭን ነው» ይባላል። እዚህ ላይ ቁርጥ ያለ አቋም አለኝ። ያልተነካካ አንድ የድምፅ ፋይል በሁለት የተለያዩ ፕሮግራሞች ውስጥ አስገብተን፣ ደረጃውንና ፓኑን እኩል አድርገን፣ ምንም ፕለጊን ሳንጨምር ብናወጣው የሚወጣው አንድ ዓይነት ነው። ልዩነቱ ያለው እጅ ጋ ነው፤ ሐሳቡ ከመጣበት ቅጽበት አንሥቶ ስክሪኑ ላይ እስኪያርፍ ድረስ እጅ ስንት ቦታ ይንከራተታል?

መልሱ ሥራው በሚጀመርበት ቦታ ይወሰናል። ኪቦርድ ተጫዋቹ ኃይሉ መርጊያ በ1985 ዋሽንግተን ላይ አኮርዲዮናቸውን መሪ አድርገው፣ ሮድስና ሙግ ኪቦርድ ደርበው፣ ከበሮውን ለማሽን ሰጥተው ብቻቸውን አንድ ሙሉ ካሴት ሠሩ። ዛሬ ላፕቶፑን ታቅፎ ባንድ ሆኖ የሚያመሽ ወጣት ሁሉ የዚያ አሠራር ወራሽ ነው። አንዱ ግን ከዜማ ይነሣል፣ ሌላው ከምት፤ ሦስተኛው ከዘፋኝ ድምፅ። ለሦስቱ አንድ ዓይነት ሶፍትዌር መምከር ልክ አይመስለኝም።

ከምት ለሚነሣ ሰው ኤፍ ኤል ስቱዲዮ አለ። ዲዲየ ዳምብሬን የተባለ ፕሮግራመር ኢሜጅ ላይን ለተባለው የቤልጅየም ኩባንያ በ1997 ሲሠራው ስሙ ፍሩቲሉፕስ ነበር። ያኔ ትንሽ የከበሮ ማሽን ነው፤ በተርታ የተደረደሩ 16 አዝራሮች፣ የተጫኑት ይመታሉ፣ ያልተጫኑት ዝም ይላሉ። ስሙ በ2003 ቢለወጥም አዝራሮቹ ዛሬም እዚያው ናቸው። ማንም ሰው ሳይነገረው ገብቶ በአምስት ደቂቃ ውስጥ ቢት ይዞ መውጣቱ የእነርሱ ውለታ ነው። የኤፍ ኤል ዘውዱ ግን ፒያኖ ሮሉ ነው፤ ከሁሉም ይበልጣል ብዬ በሙሉ አፌ እናገራለሁ። በግራ ጠቅታ ኖታ ይቀመጣል፣ በቀኝ ይጠፋል፤ መሣሪያ መቀየር የለም። መጨረሻ የነካነውን ኖታ ርዝመት ያስታውስና ቀጣዩን በዚያው ልክ ያስቀምጣል። የሌሎቹ መሣሪያዎች ኖታዎች ከበስተጀርባ ደብዘዝ ብለው ይታያሉ፤ ስለዚህ የቤዝ መስመር የሚጽፍ ሰው ክራሩ የት እንደረገጠ እያየ ይጽፋል። አንድ ጊዜ የገዛ ሰው ቀጣዮቹን እትሞች ሁሉ ዕድሜ ልኩን ያለ ተጨማሪ ክፍያ ማግኘቱም ሠሪዎቹ ለደንበኛቸው ያላቸውን ክብር ያሳያል። ረጅም የዘፋኝ ቅጂ ቆርጦ መስፋት ላይ ግን እንደ ቢቱ አይፈጥንም።

ከዜማ ለሚነሣ ሰው ደግሞ ያችን አዝራር የያዘው ላይቭ አለ፤ የተወለደው ከመድረክ ነው። በ2001 በርሊን ላይ ያወጡት ሰዎች፣ በተለይ ጌርሃርድ ቤህልስና ሮበርት ሄንከ፣ ሞኖሌክ በሚል ስም ሙዚቃ የሚሠሩ ነበሩ፤ ለራሳቸው ትርኢት የሚሆን መሣሪያ አጥተው ሠሩት። ለዚህ ነው ከተለመደው የጊዜ መስመር ሌላ ሁለተኛ ገጽ ያለው፤ በዚያ ገጽ ላይ ትንንሽ ቅንጭቦች በሣጥን ይቀመጣሉ፣ አንዱን ስንጫን የሚቀጥለው ባር እስኪደርስ ጠብቆ ይገባል። ጣት ቢዘገይም ቢፈጥንም ሙዚቃው አይሰናከልም። ገጽታው ጠፍጣፋ ነው፤ የእንጨት ሥዕል፣ የብረት ብሎን፣ የሚያብረቀርቅ መስታወት የለበትም። ታች በግራ በኩል ማውሱ ያረፈበትን ማንኛውንም ነገር በሁለት ሦስት ዓረፍተ ነገር የሚያብራራ ሣጥን አለ። ያንን ጽሑፍ የጻፈው ሰው ማን እንደሆነ ባውቅ ደስ ይለኛል፤ አንድም ትርፍ ቃል የለውም።

ይህን ሁሉ ውበት የሚፈትነው ችክችካ ነው። አብዛኞቹ ፕሮግራሞች ባዶ ፕሮጀክት ሲከፈት 4/4 ብለው ይጠብቃሉ፤ ግሪዱም በአራት በአራት ይከፋፈላል። ችክችካ 6/8 ነው። በአንድ ዙር ውስጥ ስድስት ትንንሽ ምቶች አሉ፤ ጆሮ አንዴ በሁለት ትልልቅ ምት ይሰማቸዋል፣ አንዴ በሦስት። ትከሻን የሚያነቃንቀው በሁለቱ መካከል ያለው ግፊያ ነው። ኤፍ ኤል ውስጥ 16ቱን አዝራር ወደ 12 ዝቅ ማድረግ ይቻላል፤ በ2018 ከወጣው 20ኛ እትም ወዲህ ደግሞ የምት ልኬቱን ራሱን መቀየር ይቻላል። ላይቭ 6/8ን ይቀበላል፤ ቴምፖውን የሚቆጥረው ግን በሩብ ኖታ ነው። የእስክስታ እግር የሚመታው ባለነጥብ ሩብ ኖታን፣ ማለትም ሦስት ስምንተኛን ስለሆነ፣ በደቂቃ 100 ጊዜ የሚረገጥ ዘፈን ላይቭ ውስጥ 150 ላይ ይቀመጣል። ይህን ስሌት የማያውቅ አቀናባሪ «ምቱ ለምን አይገጥምልኝም?» እያለ ሲማስን ያድራል።

ሒሳቡ ከተስተካከለ በኋላም ነገሩ አላለቀም። ጥሩ ከበሮ መቺ ስድስቱን ምቶች እኩል አያካፍላቸውም፤ አንዷን ይይዛታል፣ ሌላዋን ይቸኩልባታል። ሁሉም ነገር ግሪድ ላይ ከተቸነከረ ችክችካው ትክክል ይሆናል፣ የሚጨፍርበት ግን አይገኝም። ይህን ችግር ለአሜሪካ ሙዚቃ ቀድሞ የተረዳው ሮጀር ሊን ነው። በ1988 ከአካይ ኩባንያ ጋር ባወጣው ኤምፒሲ 60 በተባለው የምት ማሽን ላይ ሁለተኛዋን አሥራ ስድስተኛ ኖታ ከ50 እስከ 75 በመቶ የሚያዘገይ መቆጣጠሪያ አለ፤ 50 ቀጥ ያለ ነው፣ 66 ላይ ሲደርስ ሦስትዮሽ ምት ይሆናል። የሊን ዘዴ ጥንድ ጥንድ ለሚሄድ ምት የተለካ ስለሆነ ለችክችካ አይበቃም።

ላይቭ ከ2009ኙ 8ኛ እትም ጀምሮ የሚሰጠው መፍትሔ በጣም ያረካኛል። እውነተኛ ከበሮ መቺ የመታውን ቅጂ እናስገባለን፤ በቀኝ ጠቅታ የምቱን አረጋገጥ ብቻ ነጥሎ እንዲያወጣ እናዘዋለን። የወጣው ነገር ድምፅ የለውም፤ የትኛዋ ምት ምን ያህል እንደዘገየች፣ የትኛዋ ምን ያህል ጠንክራ እንደተመታች ብቻ የያዘ አብነት ነው። ያንን ወስደን ቤዙ ላይ፣ ክራሩ ላይ፣ ጭብጨባው ላይ እንጭነዋለን። የጊዜው ተጽዕኖ ስንት በመቶ ይሁን፣ የጥንካሬው ስንት በመቶ ይሁን ለየብቻ ይወሰናል። ኖታዎቹም ከቦታቸው አይንቀሳቀሱም፤ «ይጽና» የሚለውን እስክንጫን ድረስ የሚለወጠው የሚሰማው ብቻ ነው። ሐሳብን መቀየር እስከ መጨረሻው ይፈቀዳል። እኔ ቤዙን ከ60 በመቶ አላሳልፍም፤ ሙሉ በሙሉ ከበሮውን ሲከተል ሁለቱ አንድ ላይ ይጣበቁና አየር ያጥራቸዋል።

ከምቱ ቀጥሎ ቅኝቱ ይመጣል። ፒያኖ ኦክታቩን ለ12 እኩል ያካፍላል፤ ኦክታቭ 1200 ሴንት ስለሆነ እያንዳንዱ ግማሽ ድምፅ 100 ሴንት ይደርሰዋል። ክራር ደርዳሪ ክሩን የሚያጠብቀው ለዘፋኙ ጉሮሮና ለራሱ ጆሮ እንጂ ለዚህ ክፍፍል አይደለም። ትዝታና ባቲን ኪቦርድ ላይ ስንጫወታቸው ብዙ አይጎዱም፤ አምባሰልና አንቺሆዬ ግን ለእኔ ጆሮ ወዲያው ይደርቃሉ። ሎጂክ ውስጥ የፕሮጀክቱን ቅኝት መቀየር ከብዙ ጊዜ በፊት ጀምሮ ይቻል ነበር። በ2024 የወጣው የላይቭ 12ኛ እትም ደግሞ ጉዳዩን ወደ መሐል አመጣው። የክራራችንን ክሮች በመቃኛ ለክተን የሴንቱን ቁጥር በተራ የጽሑፍ ፋይል መጻፍ እንችላለን፤ ፋይሉን ስናስገባ ፒያኖ ሮሉ ራሱን እንደገና ይሥላል። 12ቱ ቁልፎች ይጠፉና የእኛ ደረጃዎች በቦታቸው ይገባሉ። የላይቭ የራሱ መሣሪያዎች ይታዘዙታል፤ ከውጭ የገቡ ፕለጊኖች ግን ሁሉም አይታዘዙትም። ለእኛ ሙዚቃ በእነዚህ ዓመታት ከተሠሩት ነገሮች ሁሉ ይህ ይበልጥብኛል፤ አቀናባሪዎቻችን ብዙ ሲያወሩለት ግን አልሰማሁም።

ከዘፋኝ ድምፅና ከማሲንቆ ለሚነሣ ሰው ሪፐርን አቀርባለሁ። የሠራው ጀስቲን ፍራንክል ነው፤ በአንድ ወቅት በየኮምፒዩተሩ ላይ ሙዚቃ እናዳምጥበት የነበረውን ዊንአምፕን የሠራው ሰው። የመጀመሪያው እትም የወጣው በ2006 ነው። የዊንዶውሱ መጫኛ ወደ 15 ሜጋባይት ብቻ ነው፤ ዳታ በብር እየገዛ በአሮጌ ላፕቶፕ ለሚሠራ ሰው ይህ ትልቅ ነገር ነው። ገጽታው እንደ ላይቭ አያምርም። ውስጡ ግን ያልተወሳሰበ ነው፤ የድምፅ ትራክ፣ የሚዲ ትራክ፣ የሌሎች ሰብሳቢ ትራክ ተብሎ አይከፋፈልም፣ ትራክ ሁሉ ትራክ ነው፤ የፈለግነውን እናስገባበታለን። የማሲንቆውን ሁለት ቅጂዎች ጫፍና ጫፋቸውን ስናደራርብ መሸጋገሪያውን ራሱ ያለሰልሰዋል። የምንደጋግማቸውን አምስት ስድስት ሥራዎች አሰናስለን በአንድ ቁልፍ ማዘዝ እንችላለን፤ በዚህ መንገድ ፕሮግራሙ ከባለቤቱ እጅ ጋር እየተለማመደ ይሄዳል።

አንድ ነገር በተለይ ልጥቀስ። ሪፐር ላይኛው የቀኝ ጥግ ላይ በትንሽ ጽሕፈት ድምፁ ለመግባትና ለመውጣት በየፊናው የሚፈጀውን ጊዜ በሚሊሰከንድ ያሳያል። ድምፁ የሚጠራቀምበት ማቆያ (ባፈር) 256 ሳምፕል ከሆነ በ44,100 ኸርዝ ወደ 5.8 ሚሊሰከንድ ነው፤ 1024 ከሆነ 23.2 ይደርሳል። ዘፋኙ በጆሮ ማዳመጫው የራሱን ድምፅ ዘግይቶ ሲሰማ ምክንያቱን ሳያውቅ ይከፋዋል፤ «ዛሬ ድምፄ እሺ አላለኝም» ይላል። ጥግ ላይ ያለችው ቁጥር ጥፋቱ የእርሱ አለመሆኑን ለአቀናባሪው ታሳውቀዋለች፤ ሌላ መስኮት መክፈት አያስፈልገውም።

የሚመርጥ ሰው በአዲስ ዘፈን ባይሞክር ይሻላል፤ አዲስ ዘፈን ራሱ ልብ ይወስዳል። ቀድሞ የጨረሰውንና በቃሉ የሚያውቀውን አንድ ሥራ፣ ቢቻል ችክችካ ያለበትን፣ ከባዶ ተነሥቶ በየፕሮግራሙ ውስጥ ቢገነባው ጆሮው ሥራ ስለማይበዛበት እጁ የት የት እንደሚሰናከል ያስተውላል። ሪፐር ለ60 ቀን፣ ላይቭ ለ30 ቀን ሙሉ በሙሉ ይሞከራሉ፤ ሪፐርን ከዚያ በኋላ ለራሱ የሚገዛ ግለሰብ የሚከፍለው 60 ዶላር ነው። የኤፍ ኤል መሞከሪያ የጊዜ ገደብ ባይኖረውም የተቀመጠ ፕሮጀክት መልሶ የሚከፈተው ከተገዛ በኋላ ነው፤ ስለዚህ እርሱን ለመፈተን አንድ ሙሉ ከሰዓት በኋላ ነጻ አድርጎ፣ ስልክ አጥፍቶ፣ በአንድ ጊዜ ቁጭ ብሎ መጨረስ ያስፈልጋል።