«ተጠያቂ» ማን ነው? በኢንተርኔት በሚሰራጩ የደንበኞች መጠይቆች አማርኛ ላይ የቀረበ ሒስ

ንፋስ ስልክ የሚለው የቦታ ስም ለአገራችን የስያሜ ሥራ ቋሚ ምስክር ነው። ሽቦ ሳይዘረጋለት መልእክት የሚያስተላልፈው መሣሪያ ወደ አገር ሲገባ፥ አማርኛ የባዕዱን ቃል ሳይጠብቅ በሚያውቃቸው ሁለት ቃላት ሰየመው። ስያሜውም በዛሬው የንፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ ስም ጸንቶ ቀርቷል። ቴሌብር በ2013 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ፥ ሳፋሪኮም ኢትዮጵያም በ2015 ዓ.ም. ገበያ ከገባ ወዲህ ንግዱ ወደ እጅ ስልክ እየተሻገረ ነው፤ የደንበኛውን አስተያየት መሰብሰቡም ተከትሎታል። በጀሞም ሆነ በለቡ ያለ ሽቦ የሚደርሰው መልእክት አንዳንዴ መጠይቅ ነው። የዚህ ሒስ ዓላማ የመጠይቁን አማርኛ መመርመር ነው።

በመጀመሪያ የስያሜውን ጉዳይ እንመልከት። መልስ የሚሰጠውን ሰው አንዳንድ ተርጓሚዎች «ተጠያቂ» ይሉታል። ከሰዋስው አንጻር ቃሉ ስሕተት የለበትም፤ ሆኖም በሕዝብ አነጋገር ተጠያቂ ማለት ጥፋት የሚፈለግበት ወይም ኃላፊነት ያለበት ሰው ነው። ሐሳቡን ሊያካፍል የተጋበዘን ሰው በዚህ ስም መጥራት መልሱን አስቀድሞ ማስፈራራት ይሆናል። «መላሽ» ወይም «መልስ ሰጪ» ይበቃል። እንደዚሁም «ደንበኛ» አዘውትሮ የሚገበያየውን፥ «ተገልጋይ» ግን ለአንድ ጉዳይ ብቻ የመጣውንም ይጨምራል። ሁለቱን ያለ ልዩነት የሚጠቀም መጠይቅ ማንን እንደ ጠየቀ አያውቅም።

ከዚህ የከፋው ችግር በመለኪያው ላይ ይታያል። አሜሪካዊው ሬንሲስ ሊከርት በ1932 እ.ኤ.አ. ያቀረበው ባለ አምስት ደረጃ መለኪያ ሲተረጎም መካከለኛው ቦታ ብዙውን ጊዜ «ገለልተኛ» ይባላል። ገለልተኛ ግን ከሁለት ተከራካሪዎች ለአንዱም የማያደላ ወገን ነው፤ ስለ አንድ ሱቅ አገልግሎት ግን ክርክር የለም። ስለዚህ ያልወሰነውም፥ አገልግሎቱን ያላየውም፥ ቅሬታውን መናገር ያልፈለገውም በአንድ ቃል ሥር ይጠራቀማሉ። «እርካታም ቅሬታም የለኝም» እና «አልተገለገልሁበትም» የሚሉት ሁለት የተለያዩ ምርጫዎች መሆን ይገባቸዋል።

የዓረፍተ ነገሩ አገነባብም ጥንቃቄ ይሻል። «አገልግሎታችን አላስቸገረዎትም?» ለሚለው ጥያቄ «አዎ» የሚል መልስ ቢሰጥ፥ አንዱ «አዎ፥ አላስቸገረኝም» ማለቱ ሲሆን ሌላው «አዎ፥ አስቸግሮኛል» ሊል ይችላል። ፊት ለፊት ቢሆን የድምፁ ቃና ይለየዋል፤ በስልክ ገጽ ላይ ግን ቃና የለም። «አስተናጋጆቻችን ፈጣንና ትሑት ናቸውን?» የሚለው ደግሞ በአንድ ጥያቄ ሁለት ነገር ይጠይቃል፤ አስተናጋጁ ፈጥኖ የተቆጣ ቢሆን ምን ይመለስ? በአንቱታም ረገድ፥ በ«እርስዎ» ጀምሮ በ«ላክ» የሚጨርስ ገጽ መላሹን ያቃልላል፤ ሴቲቱንም ጨርሶ ይረሳታል። «ይላኩ» ቢባል ክብሩም ይጠበቃል፥ የጾታውም ችግር ይወገዳል።

ምናልባት «ቃሉ ምንም ቢሆን ቁጥሩ ይናገራል» የሚል ይኖር ይሆናል። ነገር ግን ቁጥሩ የሚወለደው ከቃሉ ነው። ያልተረዳውን የመረጠ ሰው ከተረዳው ጋር እኩል ይቆጠራል፤ ከዚያም በተሳሳተው ድምር አንድ አገልግሎት ይዘጋል፥ ወይም አንድ ሠራተኛ ይወቀሳል። መጠይቁ በኢንተርኔት ብቻ ሲሰራጭም ዘመናዊ ስልክ የሌለው ሰው ከናሙናው ይጎድላል፤ ውጤቱን «የሕዝብ አስተያየት» ብሎ መሰየም ሌላ የቃል ስሕተት ነው። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ በኋላ ደግሞ የግልጽነት ጉዳይ የጨዋነት ብቻ አይደለም፤ የፈቃድ መጠየቂያው ዓረፍተ ነገር ካልተስተዋለ የተሰጠው ፈቃድ የስም ብቻ ይሆናል።

እንግዲህ ተርጓሚው መጠይቁን ከማስረከቡ በፊት ዕድሜና ትምህርታቸው ለሚለያይ ጥቂት ሰዎች ያንብብላቸው፤ እያንዳንዱ ጥያቄ ምን እንደሚል በራሳቸው አነጋገር ይንገሩት። ከታሰበው የተለየ ትርጉም ከሰጡ፥ መታረም ያለበት መጠይቁ እንጂ መላሹ አይደለም።