«ራን» ማለት መሮጥ፣ አለቀ?

እኛ ዘንድ እንግሊዝኛ የሚሸመደደው በዝርዝር ነው፤ «ራን ማለት መሮጥ»፣ አለቀ! ባለቋንቋው ግን አፍንጫው ሲፈስ ራን፣ ሞተሩ ሲሠራ ራን፣ ሱቅ ሲያስተዳድር ራን፣ ለምርጫ ሲወዳደርም ራን ይላል። የኦክስፎርድ መዝገበ ቃላት ሰዎች ለዚህችው ግስ 645 ፍቺ እንደቆጠሩላት እ.ኤ.አ. በ2011 ተነግሯል።

ምን ይገርማል? እኛስ «በላ» ስንል! እንጀራ ይበላል፣ ጉቦ ይበላል፣ ብድር ይበላል፣ ቃል ይበላል፤ ጉዳይ ጊዜ ይበላል። ሕፃን እንኳ አይምታታበትም፤ ቃሉን ከነጓደኞቹ ነዋ የሰማው!

ታዲያ ፊዚክሱንም ታሪኩንም በእንግሊዝኛ የሚማር የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ «ሞተሩ ምን ሆኖ ነው የሚሮጠው?» ብሎ ግራ ቢጋባ ሰነፍ ይባላል? እኔ እንደሚመስለኝ ስንፍናው የዝርዝሩ ነው። መምህራኖቻችን፣ እባካችሁ ቃሉን ከነዓረፍተ ነገሩ ስጡልን።