ጥናቱ የማንን ሕፃን ያያል?

የነርሲንግ ተማሪ ዋርድ ሲገባ ነባሮቹ ሲያደርጉ ያየውን ማድረግ ይጀምራል። ክፍል ውስጥ ደግሞ በማስረጃ ላይ ስለተመሠረተ ነርሲንግ ይማራል፤ ትምህርቱ ግን ብዙ ጊዜ «ጥናት ፈልግ፣ ያለውን ፈጽም» ወደሚል ትእዛዝ ይጠባል። እንዲህ ከሆነ ተማሪው አዛዥ ቀየረ እንጂ ማመዛዘን አልጀመረም። በእኔ እምነት ከባዱ ክህሎት ጥናቱን ማግኘት ሳይሆን፣ የተጠኑት ሰዎች እኔ ከምንከባከባቸው ጋር ምን ያህል ይመሳሰላሉ ብሎ መጠየቅ ነው።

የእትብት እንክብካቤ ይህን በደንብ ያሳያል። እ.ኤ.አ. በ2006 የታተመ የኔፓል ጥናት፣ እትብታቸው በ4 በመቶ ክሎርሄክሲዲን (ጀርም ገዳይ መድኃኒት) በተጸዳላቸው ጨቅላ ሕፃናት ላይ ሞት በ24 በመቶ ቀንሶ አገኘ። እዚህ ላይ ንባቡን የሚያቆም ተማሪ ለሕፃን ሁሉ ይቀባ ማለቱ አይቀርም። በ2016 ከዛምቢያና ከታንዛኒያዋ ፔምባ ደሴት የወጡ ሁለት ትልልቅ ጥናቶች ግን በሞት ላይ ጉልህ ልዩነት አላዩም። ይህ የግድ አንዱን ወገን ሐሰተኛ አያደርግም። የኔፓሎቹ ሕፃናት በአብዛኛው የተወለዱት ቤት ነው፤ በዛምቢያና በፔምባ ደግሞ የጨቅላ ሞት ከመነሻው ዝቅ ያለ ነበር። የዓለም ጤና ድርጅትም ዛሬ በቅድሚያ የሚመክረው እትብቱን ንጹሕና ደረቅ አድርጎ መያዝ ነው፤ ክሎርሄክሲዲንን የሚመክረው ጎጂ ነገሮችን እትብት ላይ ማድረግ በተለመደበት አካባቢ ነው። ስለዚህ እናቲቱን «ቤት ስትገቢ እትብቱ ላይ ምን ይደረጋል?» ብሎ መጠየቅ የጨዋታ ጥያቄ አይደለም፤ መመሪያው ለዚህ ሕፃን መሥራት አለመሥራቱን የሚወስነው መልሷ ነው።

«ተማሪ ፕሮቶኮል ይከተል፤ ማመዛዘን የአዋቂዎች ነው» የሚል ይኖራል። ፕሮቶኮልን መከተል ተገቢ ነው፤ መጠየቅም ማፍረስ አይደለም። ደግሞም ፕሮቶኮል ሁሉን አያይም፦ ክሎርሄክሲዲን የዓይን መድኃኒት ተብሎ በስህተት ሕፃናት ዓይን ውስጥ በመግባቱ ጉዳት መድረሱ ከበርካታ የአፍሪካ አገሮች ተዘግቧል፤ ይህን አደጋ ቀድሞ የሚያየው መድኃኒቱ ከዓይን ቅባቱ አጠገብ መቀመጡን ያስተዋለ ነርስ ነው። «እንግዲያው ልምድ ይበቃል» ለሚሉም መልሱ ከዚሁ ይወጣል፤ ልምድ አደጋውን ያሳያል እንጂ ክሎርሄክሲዲን ሞት መቀነስ አለመቀነሱን በአንድ ዋርድ ሕፃናት ብቻ መለየት አይችልም። ዴቪድ ሳኬትና ባልደረቦቹ በ1996 በማስረጃ ላይ የተመሠረተ ሕክምናን ሲተረጉሙ የጥናትን ማስረጃ ከባለሙያው ልምድና ከታካሚው ምርጫ ጋር ያጣመሩት ስለዚህ ነው። የጥናት ጽሑፍ እጥረት አለ የሚለው ሌላው ቅሬታ እውነት ቢሆንም፣ ሂናሪ የተባለው መርሐ ግብር ከ2002 ጀምሮ አቅም ባነሳቸው አገሮች ላሉ ተቋማት የጤና መጽሔቶችን በነፃ ወይም በአነስተኛ ክፍያ ይከፍታል።

እንግዲህ መምህራን ነጥብ የሚሰጡበትን ነገር ይቀይሩ። አምስት ጥናት ከጠቀሰ ተማሪ ይልቅ አንዱን አንብቦ «የእኔ ታካሚ ከእነዚህ በዚህ ይለያል፤ ስለዚህ ይህን እቀበላለሁ፣ ይህን ደግሞ አጣራለሁ» ብሎ የጻፈው ይበልጥ ተምሯል።