የኒውተን የመጀመሪያ ሕግ በክፍል ውስጥ

አይዛክ ኒውተን እ.ኤ.አ. በ1687 ካሳተማቸው ሦስት የእንቅስቃሴ ሕግጋት የመጀመሪያው ለቃል ጥናት እጅግ የተመቸ ነው፤ ጉዳቱም ከዚሁ ይመነጫል። ተማሪው፣ የውጭ ኃይል ካላገኘው በቀር የሚንቀሳቀስ አካል ሳይፈጥን ሳይዘገይ በቀጥታ መስመር ይጓዛል እያለ ያነበንባል። ከክፍል ሲወጣ ግን የሚገፋው ጋሪ እጁን ባነሣ ጊዜ ይቆምበታል። ታዲያ ከመጽሐፉና ከዓይኑ የትኛውን ይመን? ሰበቃ ጋሪውን የሚገታ ራሱን የቻለ ኃይል መሆኑ አስቀድሞ ካልተገለጠለት፣ ለፈተናው መጽሐፉን፣ ለኑሮው ዓይኑን ያምናል።

የቀመር ስሌት ይህን ስሕተት ይሸፍነዋል እንጂ አያርመውም። ኃይልን ለመጠነ ቁስ አካፍሎ የፍጥነትን ለውጥ በትክክል የሚያወጣ ተማሪ፣ ሽቅብ የተወረወረ ድንጋይ ከጫፍ ሲደርስ ምን ኃይል እንዳለበት ቢጠየቅ «ምንም» ማለቱ የተለመደ ነው፤ የምድር ስበት ግን ለአፍታም አልተለየውም። እ.ኤ.አ. በ1992 በአሜሪካ የታተመው የኃይል ፅንሰ ሐሳብ መመዘኛ ስሌት የማይጠይቀውም ስለዚህ ነው።

ከኒውተን የቀደመው የጋሊሌዮ መንገድ ለሕፃናት ይሻላል። ከተዳፋት የተለቀቀች ብይ፣ ከፊቷ ያለው ዳገት በለዘበ መጠን ርቃ ትሄዳለች፤ ዳገቱ ጨርሶ ቢጠፋስ? ለዚህ ጥያቄ ሁለት ለስላሳ ሳንቃዎች ይበቃሉ። የሚጎድለው ተማሪዎቹ የሚከራከሩበት አንድ ሙሉ ክፍለ ጊዜ ነው፤ እርሱንም የቀመር መልመጃ ወስዶታል።