ነጠላውን አድኖ ፊትን ማጥቆር
ከሲልቬራዶ ራንች፣ ላስ ቬጋስ

ስለ ፎቶ ማረሚያ ፕሮግራሞች የሚጻፈው ንጽጽር አብዛኛው ስለ ፍጥነትና ስለ ዋጋ ነው፡፡ የኔ ሚዛን ሌላ ነው፤ በኔቫዳ ቀትር ነጭ ነጠላ የለበሱ ጠይም እናት፡፡ ካሜራው ለነጠላው ሲያደላ ፊታቸው ይጠቁራል፤ ለፊታቸው ሲያደላ ነጠላው ወረቀት ይመስላል፡፡

ጄፔግ ለአንድ ቀለም 256 ደረጃ ብቻ ይይዛል፤ ሮው የሚባለው ባለ 14 ቢት ጥሬ ፋይል ግን 16,384፡፡ እንግዲህ ነጠላው ጨርሶ ካልነጣ በስተቀር ሁለቱንም ማዳን ይቻላል፡፡ ጥያቄው በየትኛው ፕሮግራም ነው፡፡

ላይትሩም ለመልመድ ይቀላል፡፡ ጥላውን አብዝተው ሲያነሱት ግን፣ በኔ ዐይን፣ ጠይሙ ፊት አመድማ ይሆናል፡፡ እ.ኤ.አ. በ2015 ከወጣው ላይትሩም 6 ወዲህ ደግሞ አንዴ ተከፍሎ የሚገዛ ዕትም የለውም፡፡ ካፕቸር ዋን የቆዳን ቀለም ለብቻው የሚያርም መሣሪያ ስላለው ለሠርግ ፎቶ እሱን አስቀድማለሁ፤ ሲበዛ ግን ሙሽራውንና አማቱን አንድ መልክ ያለብሳቸዋል፡፡ ዳርክቴብል ለመልመድ ያስቸግራል፤ ነፃ በመሆኑ ግን ዶላር ለማያገኘው የአዲስ አበባ ወጣት የምመክረው እሱን ነው፡፡

አንድ ነገር እንዳንረሳ፡፡ በኮዳክ ዘመን የፎቶ ማጠቢያ ቤቶች ለአሥርተ ዓመታት ቀለማቸውን ያስተካክሉ የነበረው «ሸርሊ ካርድ» በሚባል የነጭ ሴት ፎቶ ነበር፡፡ ዛሬም «አውቶ» የሚለው ቁልፍ የሌላ ሰው ምርጫ ነው፡፡ የእናቶቻችንን መልክ የምናውቀው እኛ ነንና በገዛ እጃችን እናርም፡፡ የልጅ ልጆቻችን የሚያውቋቸው በነዚህ ፎቶዎች ነው፡፡

ቸር ይግጠመን፡፡