ትርፍ ፈረስ

እስቲ ይህን ስሙ! እ.ኤ.አ. በ1886 አን ሊንዶ የተባለች እንግሊዛዊት ለንደን አጠገብ ለደከሙ ፈረሶች ማረፊያ ከፈተች። ባለ ሰረገላው የታመመ ፈረሱን አምጥቶ ያስረክባል፤ የእሱ አርፎ አገግሞ እስኪወጣ ድረስ ደግሞ የሚሠራበት ሌላ ፈረስ ተውሶ ይሄዳል። ትርፍ ፈረስ! ይህን ካነበብኩ ወዲህ ያገኘሁትን ሰው ሁሉ በዚሁ ወሬ እያደነቆርኩ ነው። በዓለም ላይ ስለ እንስሳት ርኅራኄ የተጻፈው መጽሐፍ ሁሉ ተሰብስቦ የዚህችን አንዲት ሐሳብ ያህል አይመዝንብኝም።

ለምን ቢባል፣ የጋሪ ፈረስ ጠላቱ የባለቤቱ ጭካኔ ብቻ አይደለም፤ የዕለቱ እንጀራ ነው። ደቡብ ጎንደር፣ ወረታ ላይ ጋሪ የሚነዳ ወጣት የፈረሱ ትከሻ መገጠቡን አጥቶት አይደለም። ማሰሪያው ከቁስሉ ላይ እንዳያርፍ ጨርቅ የሚጠቀልልበት እሱ ራሱ ነው። ግን ፈረሱ ሳምንት ካረፈ ቤቱም ሳምንት ጾሙን ያድራል። «አሳርፈው» ማለት ቀላል ነው፤ ምክሩ እውነት የሚሆነው ትርፍ ፈረስ ሲገኝ ነው። ሊንዶን ለዚህ ያነሳሳት በ1877 የታተመው የአና ሲዌል «ብላክ ቢዩቲ» ነው ይባላል፤ ታሪኩን የሚተርከው ፈረሱ ራሱ የሆነበት ልቦለድ። ደራሲዋ መጽሐፉ በወጣ በወራት ውስጥ ሞታለች፤ ምን እንዳስከተለ አላየችም።

እኛ ደግሞ ፈረስ ወዳድ አይደለንም የሚል ካለ ጥር 25 ደብረ ታቦር ይምጣ። በመርቆሬዎስ በዓል ጉግሱ ሲደራ፣ ዳማው ከአምባላዩ ጋር ሲሽቀዳደም፣ ግላሱ ሲያብረቀርቅ፣ ሽማግሌው ሳይቀር ከመቀመጫው ሲነሣ ያያል። ንጉሡን በፈረሱ ስም የሚጠራ ሕዝብ ነን! ቴዎድሮስ እዚሁ ደብረ ታቦር ላይ ተቀምጠው፣ ጋፋት ላይ መድፍ ሲያሠሩ፣ በአገሩ ሁሉ «አባ ታጠቅ» ነበሩ። ምኒልክ «አባ ዳኘው»፣ ዮሐንስ «አባ በዝብዝ»።

ታዲያ ያ ሁሉ ክብር ፈረሱ ሲያረጅ የት ይገባል? በደጋችን የፈረስ ሥጋ አይበላም፤ ስለዚህ ያረጀ ፈረስ ገበያ የለውም። ጉልበቱ ያለቀ ዕለት ዋጋውም ያልቃል። ልጓሙን አውልቀው ሜዳ ይለቁታል። የቀረውን ጅብ ያውቀዋል። ኢትዮጵያ ከ2 ሚሊዮን በላይ ፈረስ ያላት አገር ናት፤ ይህን ቁጥር ይዛችሁ መንገድ ዳር ቆሞ የሚታየውን አንድ አጥንቱ የወጣ መጋላ ፈረስ አስቡት።

የሚያስደንቀው ሌላው ነገር ደግሞ እንዲህ ያለው ፈረስ የተጎዱ ፈረሶችን የሚያድን ድርጅት እጅ ሲገባ የሚደረግለት ነው። መጀመሪያ ለሳምንታት ብቻውን ይለያል፤ የጉሮሮ እብጠቱን ወይም እከኩን ለሌሎቹ እንዳያጋባ። ቀጥሎ በእጅ ይዳሰሳል። በእጅ! የደጋ ፈረስ ፀጉሩ ረጅም ስለሆነ ከሩቅ ደልቦ ይታያል፤ ጣት ሲገባ ግን የሚያገኘው የጎድን አጥንት ነው። አፉ ይከፈትና የሾሉት መንጋጋዎቹ በሞረድ ይሞረዳሉ፤ ስንት ፈረስ ገለባ ከፊቱ ተከምሮ የከሳው ማኘክ አቅቶት ነው! ሰኮናው ይከረከማል።

ከዚያ ምግቡ። እኔ ብሆን በአዘኔታ ገብስ ዘርግፌ እገድለው ነበር። ለረጅም ጊዜ የተራበ ፈረስ በድንገት እህል ሲጠግብ በደሙ ውስጥ ያለው ፎስፎረስና ማግኒዚየም ያሽቆለቁላል፤ ልቡ ከዚያ በኋላ አይችልም። ስለዚህ በመጀመሪያዎቹ ቀናት የሚሰጠው ጥቂት አልፋልፋ ነው፤ በየአራት ሰዓቱ፣ ሌሊቱን ጨምሮ። ሌሊት ተነሥቶ ለሰው ፈረስ እፍኝ ድርቆሽ የሚያቀርብ ሰው አለ በዚህ ዓለም!

ሲያገግምስ? እዚህ ላይ ነው ከመቀመጫዬ የተነሣሁት። አዳ ኮል እ.ኤ.አ. በ1927 የመሠረተችው፣ ዛሬ ወርልድ ሆርስ ዌልፌር የሚባለው ድርጅት ፈረሱን ለአዲስ አሳዳጊ ይሰጣል እንጂ አይሸጥም። አሳዳጊው ያበላል፣ ይጋልባል፤ ባለቤትነቱ ግን ከድርጅቱ ጋር ይቀራል። ጠያቂ እየመጣ ያየዋል፤ አሳዳጊው ካልቻለ ፈረሱ ይመለሳል። የፋርጣ ገበሬ ይህን ቢሰማ «የርቢ ነዋ!» ብሎ ይስቃል። ላሙን ለጎረቤት የርቢ ሰጥቶ፣ ጥጃውን የሚካፈል፣ ከብቷ ስትከሳ ደግሞ መጥቶ የሚቆጣ ሰው ውሉን ከነምስክሩ ያውቀዋል። በጥጃው ፋንታ ቀላል ሥራ ብቻ እንዲሠራ የተፈቀደ ፈረስ ይተካ፤ ሌላው ሁሉ በእጃችን አለ።

ሁሉም ይድናል ማለት አይደለም። ዶሮቲ ብሩክ የተባለች እንግሊዛዊት እ.ኤ.አ. በ1930 ካይሮ ስትደርስ ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ እዚያው የተሸጡ የጦር ፈረሶች አርጅተውና ተጎሳቁለው ጋሪ ሲጎትቱ አገኘች። ጋዜጣ ላይ ጻፈች፣ ገንዘብ መጣላት፣ በሦስት ዓመት 5,000 ፈረስ ገዛች። ለአብዛኞቹ ልታደርግላቸው የቻለችው ጥቂት ቀን ጥሩ ምግብና ማረፊያ፣ ከዚያም ያለ ሥቃይ መሞት ነበር። እኔ ይህንንም ማዳን እለዋለሁ። በ1934 የከፈተችው ነፃ ሆስፒታል ዛሬ ብሩክ የሚባል ድርጅት ሆኖ ኢትዮጵያም ውስጥ ይሠራል። ቢሾፍቱ ላይ ደግሞ ዶንኪ ሳንክቸሪ የተባለው ድርጅት ከእንስሳት ሕክምና ኮሌጁ ጋር የጋማ ከብት ሲያክም ኖሯል፤ የአፍሪካ ፈረስ በሽታ ክትባት የሚመረተውም እዚያው ከተማ ነው።

ለደቡብ ጎንደር ግን ግቢም ሕንፃም አልመኝም፤ የምመኘው ወረታ የጋሪ መቆሚያ ላይ የሚጀመር ነገር ነው። ባለ ጋሪዎቹ በዕቁባቸው ሁለት ትርፍ ፈረስ ይግዙ፤ የተገጠበው ተራውን ጠብቆ ይረፍ፤ ሐኪም ከጎንደር ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ ይለመን። ያረጀው ወደ ጉና ተራራ ሥር፣ ድርቆሽ ላለው ገበሬ የርቢ ይውጣ። ብቻ የሚጀመረው ታኅሣሥ ላይ ይሁን፣ ገብሱ ተወቅቶ ጭዱ ሲከመር። ግንቦት ላይ ሄዶ ፈረስ አሳድጉልኝ የሚል ሰው ከፋርጣ ሰው የሚያገኘው መልስ ጥሩ አይሆንም።