ለጡረተኛ አንድ ካርድ ይበቃዋል

በሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ በአንድ የጉዞ ወኪል ቤት ለብዙ ዓመታት ትኬት ስቆርጥ ኖሬ ጡረታ ወጥቻለሁ። ሥራው ግን አልለቀቀኝም። የዕድሜ እኩዮቼ አገር ቤት መሄድ ሲያምራቸው ይደውሉልኛል። የዛሬ ጥያቄያቸው ከትኬት ዋጋ ይልቅ የክሬዲት ካርድ ነገር ሆኗል። «የእገሌ ልጅ በማይል ሄደ አሉ፤ እኛስ?» ይሉኛል። እናንተም ትችላላችሁ እላለሁ። የማሳያቸው መንገድ ግን ያ ልጅ የሄደበት አይደለም።

ወጣቶቹ በዓመት ሦስት አራት ካርድ ያወጣሉ፣ የመግቢያ ጉርሻውን ይለቅማሉ፣ የትኛው ለግሮሰሪ የትኛው ለቤንዚን እንደሚሻል በቃላቸው ይዘዋል። ደመወዝ በሚገባበትና ልጅ በሚያድግበት ቤት ወጪው ብዙ ስለሆነ ልፋቱ ያዋጣል። ጡረታ ሲወጣ ወጪው ይቀንሳል፤ በወጪው ልክ የሚጠራቀመው ፖይንትም (ማይልም ይሉታል) አብሮ ይቀንሳል። አምስት ካርድ የያዘ ጡረተኛ በተጨማሪ የሚያገኘው ጥቂት ነው፤ ከአምስቱ ቢሎች አንዱን ቢዘነጋ የሚያጣው ግን ብዙ ነው። በሌላ በኩል ወጣቱ የሌለው ነገር አለን፦ ቀናችን የራሳችን ነው። አለቃ አናስፈቅድም፣ ትምህርት ቤት እስኪዘጋ አንጠብቅም። በማይል ለሚሄድ ሰው ከዚህ የሚበልጥ ሀብት አላውቅም።

ብዙዎች «ደመወዝ የለኝ፣ ማን ካርድ ይሰጠኛል?» ብለው ይጀምራሉ። ሥጋታቸው ይገባኛል፤ ሕጉ ግን ከእነሱ ጋር ነው። እ.ኤ.አ. በ1974 የወጣውና በ1976 የተሻሻለው የአሜሪካ የእኩል ብድር ዕድል ሕግ፣ ባንክ አንድን አመልካች አርጅቷል ብሎ ወይም ገቢው ከጡረታ ነው ብሎ ብቻ እንዳይመልሰው ይከለክላል። ሶሻል ሴኩሪቲው፣ ፔንሽኑ፣ ከጡረታ ቁጠባው በየጊዜው የሚወጣው ገንዘብ ሁሉ ገቢ ተብሎ ማመልከቻው ላይ ይሞላል።

ካርድ ከመምረጥ በፊት ሒሳቡን በወረቀት ላይ መሥራት ያስፈልጋል። አንድ ሰው ለአስቤዛ፣ ለቤንዚን፣ ለስልክ፣ ለኢንሹራንስና ለመድኃኒት በወር 1,500 ዶላር በካርድ ያወጣል እንበል። የካፒታል ዋን ቬንቸር ካርድ በማንኛውም ግዢ ላይ በዶላር 2 ማይል ስለሚሰጥ በዓመት 36,000 ማይል ይጠራቀማል። ማይሉ የተገዛን ትኬት ሒሳብ ለመሸፈን ሲውል እያንዳንዱ 1 ሳንቲም ይቆጠራል፤ ስለዚህ 360 ዶላር ነው። የካርዱ ዓመታዊ ክፍያ 95 ዶላር ሲነሳለት 265 ይቀራል። ዓመታዊ ክፍያ ሳይጠይቁ ከወጪው 2 በመቶ በጥሬ ገንዘብ የሚመልሱ ካርዶች ደግሞ ያንኑ 360 ዶላር ሳይሸራርፉ ይሰጣሉ።

እንግዲህ ማይል ወደ አየር መንገድ አዛውሮ ወንበር መፈለግ የሚያደክመው ሰው ክፍያ የሌለውን ካርድ ይያዝ፤ የሚመለስለትን ገንዘብ ለትኬት ያስቀምጥ። በቃ። ይህን ስል ቅር የሚላቸው አሉ፤ የተሻለውን ነገር የደበቅኳቸው ይመስላቸዋል። እኔ ግን ከልቤ ነው የምናገረው። 95 ዶላሩ የሚያዋጣው አንድም በመጀመሪያው ዓመት ጉርሻ፣ አንድም ማይሉ አየር መንገድ ላይ ከ1 ሳንቲም በላይ ሲያወጣ ነው። ጉርሻው ብዙ ጊዜ «በሦስት ወር 4,000 ዶላር አውጣ» የሚል ቅድመ ሁኔታ አለው። ለጉርሻ ብሎ ዕቃ መግዛት አይገባም። የጥርስ ሥራ፣ የጣሪያ ጥገና ወይም የዓመት ኢንሹራንስ ክፍያ ሲደርስ ያን ጊዜ ማመልከት ነው።

ለመፈለግ ለማይሰንፍ ሰው ደግሞ በሩ ክፍት ነው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ እ.ኤ.አ. ከዲሴምበር 2011 ጀምሮ ዩናይትድም ያለበት የስታር አልያንስ የአየር መንገዶች ኅብረት አባል ስለሆነ፣ በዩናይትድ ማይል እዚሁ አካባቢያችን ካለው ደለስ ኤርፖርት ተነስቶ በራሳችን አውሮፕላን አዲስ አበባ መግባት ይቻላል። ዩናይትድ በማይል በሚቆረጥ ትኬት ላይ የነዳጅ ጭማሪ ስለማይጠይቅ ከኪስ የሚወጣው ታክሱ ነው። የቼዝ ሳፋየር ፕሪፈርድ ካርድ ፖይንት አንድ ለአንድ ወደ ዩናይትድ ይዛወራል፤ የቬንቸሩ ማይል ደግሞ ያው ስታር አልያንስ ውስጥ ወዳለው ኤር ካናዳ ይሄዳል። ከሁለቱ አንዱን መያዝ ይበቃል።

አየር መንገድ ለሌላ አየር መንገድ ማይል የሚለቀው ወንበር ግን ጥቂት ነው፤ የሚለቀውም በገንዘብ አይሸጥልኝም ብሎ የገመተውን ነው። ለገና፣ ለጥምቀት፣ ለፋሲካና ትምህርት ቤት በሚዘጋበት ክረምት አውሮፕላኑ በገንዘብም ይሞላል። በጥቅምትና በኅዳር፣ ወይም ጥምቀት ካለፈ በኋላ በጥር መጨረሻና በየካቲት ግን ነገሩ ይላላል። የጡረተኛ ሀብት ቀኑ ነው ያልኩት ለዚህ ነው። አፈላለጉን ሳሳይ መጀመሪያ በዩናይትድ ገጽ ላይ «በማይል» የሚለውን ሳጥን አስነካለሁ፤ ከዚያ የአንድ ቀን ውጤት ሳይሆን የወሩን ካላንደር እንከፍታለን። በየቀኑ ሥር የተጻፈው የማይል መጠን ይለያያል፤ ዓይን ዝቅ ያለውን ቁጥር ሲይዝ ያን ቀን እንከፍታለን። አንዳንዴ ዝቅ ያለው ቁጥር በፍራንክፈርት የሚያዞር ሆኖ ይገኛል። ጉልበቱ ለሚያስቸግረው፣ ዊልቼር ለሚጠብቅ ሰው ጥቂት ማይል ጨምሮ በቀጥታ መሄድ ይሻለዋል ባይ ነኝ። መሄጃውና መመለሻው ለየብቻ ሊቆረጡ ስለሚችሉ ሁለቱን በአንድ ጊዜ ለማግኘት መጨነቅ አያስፈልግም። ፖይንቱ የሚዛወረው ወንበሩ በዓይን ከታየ በኋላ ነው፤ አንዴ ከተዛወረ ወደ ባንኩ አይመለስም።

ከዚህ ሁሉ በላይ የምጠነቀቅለት ግን የክፍያው ነገር ነው። አንድ የምወዳቸው አዛውንት የካርዳቸውን ሒሳብ እንድመለከትላቸው ሰጡኝ። «በየወሩ ራሱ ይከፍላል» አሉኝ፤ ኦቶፔይ ማለታቸው ነው። ከፍተን ስናየው ሦስት ምርጫዎች ተደርድረዋል፦ ሚኒመም ፔይመንት፣ ስቴትመንት ባላንስ፣ ሌላ መጠን። ክቧ ነጥብ ሚኒመሙ ላይ ነበረች።

«ጋሼ፣ ይኼ እኮ ጥቂቱን ብቻ ነው የሚከፍለው።»

«ታዲያ ዘግይተሃል ብለውኝ አያውቁም!»

እውነታቸውን ነው፤ አልዘገዩም። ቀሪው ሒሳብ ግን ወለድ ይወልዳል። 1,400 ዶላር ቢያድር፣ በዓመት 20 በመቶ ብቻ ቢታሰብ እንኳ በወር 23 ዶላር ያህል ነው፤ ብዙዎቹ ካርዶች ደግሞ ከዚያ በላይ ያስከፍላሉ። በዚያው 1,400 ዶላር የተገኘው 2,800 ማይል 28 ዶላር ነው። የአንድ ወር ወለድ ፖይንቱን ሊበላው ምንም አልቀረውም። ዕዳ እስካለ ድረስ አዲሱም ግዢ ከዕለቱ ጀምሮ ወለድ ይቆጥራል። ነጥቧን የወሩን ሒሳብ በሙሉ ወደሚከፍለው ስቴትመንት ባላንስ አዛወርናት፤ የቆየውን ዕዳም ከቁጠባቸው ከፈሉ። የወሩን ሒሳብ በሙሉ መክፈል የማይችል ሰው ስለ ማይል ጨርሶ ባያስብ እመርጣለሁ።

አገር ቤት ሲደረስ ካርዱ ሆቴልና ትኬት ቢሮ ይሠራል፤ ገበያው ግን አሁንም ጥሬ ገንዘብና የስልክ ክፍያ ነው። ማሽኑ በዶላር ወይስ በብር ብሎ ከጠየቀ በብር ይሻላል። ከኤቲኤም ገንዘብ የሚወጣው በዴቢት ካርድ ነው፤ ክሬዲት ካርዱ ከዕለቱ ወለድ ያስከፍልበታል። የአሜሪካ ስልካቸውን ዘግተው የሚሄዱ ሰዎች ባንኩ የሚልከው የማረጋገጫ ቁጥር አይደርሳቸውም፤ ሒሳባቸውን ለማየት እንኳ ይቸገራሉ። ቁጥሩ ሳይዘጋ በርካሽ ፕላን ይቆይ። ሜዲኬር ከጥቂት ሁኔታዎች በቀር ከአሜሪካ ውጭ አያሳክምም፤ የእነዚህ ካርዶች የጉዞ ዋስትናም የሕክምና ኢንሹራንስን አይተካም። የጤና ኢንሹራንስ ለብቻው ይገዛ።

አንድ ነገር ልጨምር፤ ለባልና ሚስት ነው። ካርዱ በአንዱ ስም ሆኖ ሌላው ተጠቃሚ ብቻ ከሆነ፣ ፖይንቱ የዋናው ባለቤት ነው። ዋናው ሲያርፍ ሒሳቡ ይዘጋል፤ በብዙ ካርዶች ውል ያልተጠቀሙበት ፖይንት ሊጠፋ ይችላል። ከዚህም ሌላ ተከምሮ የሚቆይ ማይል ዋጋው ይወርዳል። ዩናይትድ እ.ኤ.አ. በ2019 የራሱን በረራዎች ቋሚ የማይል ሰንጠረዥ ካነሳ ወዲህ ዛሬ የበቃው ማይል ለከርሞ እንደሚበቃ ማንም ዋስ አይሆንም። ለአንድ ሰው መሄጃና መመለሻ የሚበቃ ማይል ይዘው «ለሁለታችን እስኪሞላ» እያሉ ዓመታት የሚጠብቁ ጥንዶች አውቃለሁ፤ ላም አለኝ በሰማይ ነው። ለእነዚህ የምላቸው፣ የአንዱን በማይል የሌላውን በገንዘብ አድርጋችሁ ዘንድሮ ቁረጡ ነው። ሁለቱ ትኬቶች ለየብቻ ስለሚያዙ ቁጥራቸውን ይዞ ወደ አየር መንገዱ መደወልና አጠገብ ላጠገብ ወንበር መጠየቅ ይቻላል።